ፓራፋንጎ፣ ፖርቶ መጋላና ሕግ፤ የተራራ ብስክሌትን ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ ማሰናዳት

የተራራ ብስክሌት ከሱቅ ሲወጣ ራቁቱን ነው፡፡ ጭቃ የሚመልስበት ፓራፋንጎ፣ ዕቃ የሚሸከምበት ፖርቶ መጋላ፣ የማታ መብራትም ሆነ መንገደኛ የሚያስጠነቅቅበት ደወል አብዛኛውን ጊዜ የለውም፡፡ ይህ ከሻጩ ስስት የመጣ አይደለም፡፡ ይህ ዓይነቱ ብስክሌት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ ቁልቁለት ላይ ይሽቀዳደሙ በነበሩ ወጣቶች እጅ ነው፡፡ በፋብሪካ በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት፣ «ስታምፕጃምፐር» የተባለው፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፡፡ ለእነዚያ ወጣቶች ፓራፋንጎ ማለት ሲዘሉ የሚንኳኳ ትርፍ ዕቃ ነበር፡፡

ደሴ ላይ የሚነዳው ሰው ግን ለጨዋታ አይነዳም፡፡ መምህሩ፣ ነርሱና የቢሮ ሠራተኛው ጠዋት ሥራ ይገቡበታል፤ ሰኞ ሲሆን ከሰኞ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ይጭኑበታል፤ ክረምት በጭቃ፣ በጋ በአቧራ ይመላለሱበታል፡፡ ለጨዋታ የተሠራውን ዕቃ ለኑሮ ማሰናዳት እንግዲህ የገዢው ፋንታ ነው ማለት ነው፡፡ እኔ የሕግ ሰው እንጂ የብስክሌት ሠሪ አይደለሁም፡፡ ይሁን እንጂ ለዓመታት በነዳሁበትና በየጥገና ቤቱ በር ላይ ቆሜ ባየሁት መጠን፣ ምን ቢገጠም እንደሚጠቅምና እንዴት ቢገጠም እንደሚጎዳ ለመናገር እደፍራለሁ፡፡ ሕጉ በዚህ ጉዳይ የሚለውም ነገር ስላለ እሱንም በመጨረሻ አነሳለሁ፡፡

ጉዳዩ ዛሬ ትርፍ ጉዳይ አይደለም፡፡ የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር አይተናል፡፡ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው፡፡ በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ ደሴና ኮምቦልቻም የኮሪደር ሥራ ከገባባቸው ከተሞች መካከል ናቸው፡፡ ብስክሌት ሊበዛ ነው፡፡ ከመብዛቱ በፊት መሰናዳት ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፡፡

የመንገዱ ጠባይ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፡፡ ኮምቦልቻ በበኩሏ በቦርከና ሜዳ ላይ በ1,850 ሜትር አካባቢ ተዘርግታለች፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን፣ የቁልቁለቱ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው፡፡ ዶሮ መዝለያን የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ቋጥኝ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፍና በባቲና በሚሌ በኩል ከጂቡቲ የሚመጣ የጭነት መኪና አለ፡፡

ይህን በፊዚክስ ቋንቋ እንየው፡፡ ነጂው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በአንድ ላይ 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 600 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ የሚተርፈው ነው፡፡ ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ፍሬን ላይ ያርፋል፡፡ ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ማንኛውንም ነገር ከመግጠም በፊት ፍሬን ይቀድማል፡፡ የፍሬን ላስቲክዎ አልቆ ከሆነ ስለ ሻንጣ ማሰብ አያስፈልግም፡፡ ቁልቁለቱን ሲወርዱም ፍሬኑን ይዞ መጎተት ሳይሆን፣ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ነው ደንቡ፤ በመሐሉ እንዲቀዘቅዝ፡፡

ከመግዛት በፊት ቴላዮውን መመርመር

ብዙ ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ይገዛና ቤት ወስዶ አልገጥም ሲለው በሽቦ ያስረዋል፡፡ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፡፡ ብስክሌቱን ገልብጠው የኋላ እግሩ የተያያዘበትን ጫፍ ይመልከቱ፡፡ ከቸርኬው መሐል ቡሎን ከፍ ብሎ ትንሽ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ካለ፣ ከኮርቻውም ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ፖርቶ መጋላም ፓራፋንጎም በወጉ ይገጠምለታል፡፡ እነዚህ ቀዳዳዎች ብዙውን ጊዜ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚቀበሉ ናቸው፤ የሚጠብቁትም በባለ 4 ሚሊ ሜትር ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ነው፡፡

ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ መላ አይጠፋም፡፡ ውስጡ ላስቲክ የተለበጠ የብረት ቀለበት ቱቦው ላይ ጠምጥሞ በዚያ ላይ መግጠም ይቻላል፡፡ ቴላዮው ላይ በመሰርሰሪያ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ወይም ብየዳ ማስነካት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በተለይ የአሉሚኒየም ቱቦ ከተበሳበት ወይም ከተበየደበት ቦታ ድክም ብሎ አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል፡፡ የኋላ እግሩ በሞላ የሚንቀሳቀስ፣ ፊቱም ኋላውም አሞርዛተር ያለው ብስክሌት ከሆነም፣ ከኋላ ፖርቶ መጋላ አይጫንበት፤ ለእሱ የሚሻለው በመሐል የሚታሰር ከረጢት ነው፡፡

ፓራፋንጎ

ክረምት ላይ ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት የነዳ ሰው ከጀርባው በጭቃ መስመር ይታወቃል፡፡ ጉዳዩ ግን የልብስ ብቻ አይደለም፡፡ የፊተኛው ጎማ የሚረጨው ጭቃና አሸዋ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ካቴናው ላይና ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ይበላዋል፡፡

በገበያ የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው፡፡ አንደኛው ጎማውን እስከ ታች ድረስ የሚሸፍነው ሙሉ ፓራፋንጎ ነው፤ ለከተማ ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፡፡ ሁለተኛው ከኮርቻው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ የሚዘረጋው ነው፤ ለመግጠም ይቀላል፣ ነገር ግን ጀርባን እንጂ ካቴናን አይጠብቅም፡፡ ሦስተኛው ከፊት ሹካው ሥር የሚታሰር አጭር ላስቲክ ነው፤ ዓይንን ያድናል፣ እግርን ግን አያድንም፡፡ ሲገዙ የጎማውን ቁጥር ያንብቡ፡፡ የተራራ ብስክሌት ጎማ 26፣ 27.5 ወይም 29 ኢንች ሲሆን፣ የፓራፋንጎው ልክም ከዚያ ጋር መስማማት አለበት፡፡

በሚገጠምበት ጊዜ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ቢያንስ የአንድ ጣት ውፍረት ክፍተት ይተዉ፡፡ የዋልካ ጭቃ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ከጠጠረ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፡፡ ፊቱ አሞርዛተር ያለው ከሆነ ደግሞ በሙሉ ክብደትዎ መሪው ላይ ተጭነው ወደ ታች ይግፉት፤ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ጎማው ፓራፋንጎውን የሚነካ ከሆነ ከፍ አድርገው እንደገና ያስሩት፡፡ የፊት ጎማ በድንገት ከተያዘ ነጂው በመሪው ላይ ተወርውሮ በግንባሩ ይወድቃል፡፡ ይህን ፍተሻ ለመሥራት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፡፡

ፋብሪካ የሠራው ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከተወደደ ቢጫው ጄሪካን አለ፡፡ ጎኑን እንደ ጎማው ስፋት ቆርጦ፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ፣ በአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ አበጅቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሹካው ሥር ማሰር ይቻላል፡፡ መልኩ አያምርም፤ ሥራውን ግን ይሠራል፡፡

ቴላዮን፣ ካቴናንና ልብስን መጠበቅ

ኮረኮንች መንገድ ላይ ካቴናው እየዘለለ የኋላውን ቱቦ ይመታል፡፡ ቀለሙን ከላጠ በኋላ ዝገት ይከተላል፡፡ መድኃኒቱ በየጎሚስታው ደጃፍ ተጥሎ የሚገኘው አሮጌ ካላማዳሪያ ነው፡፡ ረዥም አድርገው ይሰንጥቁት፣ ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይወልውሉት፣ ከዚያ ካላማዳሪያውን እየወጠሩ ይጠምጥሙትና ሁለቱን ጫፍ ይሰሩ፡፡ የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች ቱቦውን የሚፈትጉበት ቦታ ላይም ትንሽ ቁራጭ ይለጥፉ፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ ግን ፈተው ያጽዱት፤ ሥሩ የታቆረ ውሃ ራሱ ያዝገዋል፡፡

ሰው የሚዘነጋው የልብስ ነገር ነው፡፡ በወሎ ረዥም ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ የዕለት ልብስ ነው፡፡ የነጠላ ጫፍ የኋላ ጎማ ሽቦ ውስጥ ሲገባ ሰውን ወደ ኋላ ጎትቶ ይጥላል፡፡ ሴቶች እህቶቻችንና ልጆቻችን በብስክሌት እንዲሄዱ የምንፈልግ ከሆነ፣ የኋላውን ጎማ ላይኛ ግማሽ በግራና በቀኝ የሚሸፍን መረብ ወይም ስስ ፕላስቲክ ማስገጠም ግዴታ ነው እላለሁ፡፡ ለሱሪ ለባሽ ደግሞ ቀኝ እግር ላይ የምትታሰር አንዲት ላስቲክ ትበቃለች፡፡

ፖርቶ መጋላ፣ ከረጢትና የፌስታል አደጋ

በከተማችን እጅግ የተለመደው የዕቃ መያዣ ከመሪው ላይ የሚንጠለጠለው ፌስታል ነው፡፡ እጅግ አደገኛውም እሱ ነው፡፡ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ከመሪው ላይ ሲወዛወዝ መሪውን ይጎትታል፤ ወዝዋዜው ሲበረታ ወደ ፊት ጎማ ሽቦ ይገባል፡፡ ውጤቱ ከላይ ካልሁት የተለየ አይደለም፤ ጎማው ይያዛል፣ ነጂው ይወረወራል፡፡ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህንን ይያዝልኝ፡፡ ከመሪ ላይ ምንም አይንጠልጠል፡፡

ዕቃ የሚሄደው ከኋላ ነው፡፡ የፖርቶ መጋላው የመሸከም ልክ ብዙውን ጊዜ እላዩ ላይ ተቀርጿል፤ የተለመደው 25 ኪሎ ነው፡፡ ይህ ልክ ለሰው አይደለም፤ ጎረምሳ ጓደኛ ከኋላ መጫን ብረቱንም ነጂውንም መፈተን ነው፡፡ ሲገጠም ወለሉ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን፤ እያንዳንዱ ቡሎን ሮንዴላ ይግባለት፡፡ አንድ ሳምንት ከነዱ በኋላ ሁሉንም እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ የታሰረ ቡሎን በንዝረት መላላቱ አይቀርም፡፡

እዚህ ላይ አንድ የወሎ ቃል ልጥቀስ፡፡ ጥገና ቤት ቆሜ የላላ ፖርቶ መጋላ ለሠራተኛው ሳሳየው፣ «አብሽር ጋሼ፣ ይይዛል» አለኝ፡፡ አብሽር የሚለው ቃላችን ላዘነ ሰው መድኃኒት ነው፤ ቡሎን ግን በአብሽር አይጠብቅም፡፡ «አብሽር እልሃለሁ፣ ግን ቁልፉን አምጣው» ስለው ስቆ አጠበቀው፡፡

ጭነቱ ዝቅ ብሎ በግራና በቀኝ ሚዛኑን የጠበቀ ይሁን፡፡ ከፖርቶ መጋላው ጎንና ጎን የሚንጠለጠሉ ሁለት ከረጢቶች በላዩ ላይ ከተቆለለ አንድ ከረጢት ይሻላሉ፡፡ እነዚህን ከውጭ እስኪመጡ መጠበቅ አያስፈልግም፡፡ በወፍራም ሸራ ልብስ ሰፊ ይሰፋቸዋል፡፡ ልኩን በካርቶን ቆርጠው ይዘው ይሂዱ፤ ፔዳል ሲመቱ ተረከዝዎ ከረጢቱን እንዳይነካው የፊተኛው ጠርዝ ወደ ኋላ ያዘነበለ ይሁን፡፡ ከታችም ወደ ጎማው እንዳይገባ ጀርባውን በቀጭን ጣውላ ወይም በጄሪካን ፕላስቲክ ያጠንክሩት፡፡ ማሰሪያ ገመድ ሲጠቀሙ ትርፉን ጫፍ ሁልጊዜ ጠቅልለው ይክተቱ፤ የተንዘላዘለ ገመድ ካቴና ውስጥ ይገባል፡፡

በቴላዮው ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚገባ ስስ ከረጢትም በካርቶን ልክ ሊሰፋ ይችላል፡፡ እዚያ ከባድ ነገሮችን፣ ለምሳሌ የመቆለፊያ ሰንሰለትን፣ ማስቀመጥ ይመከራል፡፡ የውሃ መያዣው የሚታሰርባቸው ሁለቱ ቀዳዳዎች ርቀት 64 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ማንኛውም መደበኛ መያዣ ይገጥማል፡፡ ከኮርቻው ሥር ባለችው ትንሽ ከረጢት ደግሞ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያና ቁራጭ ላስቲክ፣ ጎማ ማውለቂያ ሁለት ዘንግ፣ የስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ጥንድ ጓንት ይኑሩ፡፡ ፖምፓው ከቴላዮው ጋር ይታሰር፡፡ ዶሮ መዝለያ ላይ ጎማ ቢተነፍስ በአቅራቢያው ጎሚስታ የለም፡፡

ይህንን ሁሉ ሲጭኑ ግን የቁልቁለቱን ሒሳብ አይርሱ፡፡ 20 ኪሎ ተጨማሪ ጭነት ማለት ፍሬኑ ከሚሸከመው ሙቀት ላይ አንድ አምስተኛ መጨመር ማለት ነው፡፡ ከባድ ጭነት ያለው ሰው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በየመሐሉ ቆም ብሎ ቸርኬውን ወይም የፍሬን ሳህኑን ያስበርድ፤ በእጁ ግን አይንካው፡፡

ራስንና መታየትን መጠበቅ

የራስ መከላከያ ሄልሜት የልጆች ወይም የስፖርተኛ ጌጥ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፡፡ የዓለም ስመ ጥር ጋላቢዎችም ለረዥም ጊዜ እንዲሁ ያስቡ ነበር፡፡ ካዛኪስታናዊው አንድሬ ኪቪሌቭ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 በፓሪስ-ኒስ ውድድር ላይ ያለ ሄልሜት ወድቆ በራሱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፡፡ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በባለሙያዎች ውድድር ሄልሜትን ግዴታ ያደረገው በዚያው ዓመት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ በዚያ ውድድር የተሳተፈው በዚህ ደንብ ሥር ነው፡፡ ለዓለም ጋላቢ ያስፈለገ ነገር ለእኛ ትርፍ ሊሆን አይችልም፡፡

ሲገዙ የራስዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ፤ በውስጡም እንደ አውሮፓው ኢኤን 1078 ያለ የደረጃ ምልክት መኖሩን ይዩ፡፡ ሲደረግ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይራቅ፤ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ግንባርን ያጋለጠ ሄልሜት ቆብ ነው፡፡ ማሰሪያው ከጆሮ ሥር እንደ ማዕዘን ይገናኝ፤ ከአገጭ ሥር አንድ ጣት ይግባ፡፡ አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ባይሰነጠቅም ይጣል፤ ውስጡ ያለው አረፋ አንድ ጊዜ ነው የሚያገለግለው፡፡ በዚህ ምክንያት አሮጌ ሄልሜት መግዛት አልመክርም፡፡

መብራቱ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ ይሁን፡፡ የደሴ ጉም ቀንም ቢሆን ሰውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለሌሊት ብቻ አይደለም፡፡ የኋላው መብራት በጭነቱ እንዳይሸፈን ከፖርቶ መጋላው ጫፍ ላይ ይታሰር፡፡ ባትሪ ቢያልቅ እንኳ የሚያንጸባርቅ ቀይ ቁራጭ አብሮት ይኑር፡፡ ደወሉ ደግሞ ከፍሬኑ አጠገብ፣ አውራ ጣት በሚደርስበት ቦታ፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፡፡ ይህ ለብስክሌተኛ ትልቅ ጋሻ ነው፡፡ ነገር ግን ቁጥር 2086 አንድ በር ይከፍታል፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ፣ የባለቤቱ ኃላፊነት በዚያው መጠን ይቀራል፡፡

ይህ በር እንዴት እንደሚከፈት በቅርብ የተከታተልሁት አንድ ክርክር አስተምሮኛል፡፡ ሰውዬው አምሽቶ ከሥራ ሲመለስ የጭነት መኪና ከኋላ ገጭቶት ሞተ፡፡ ባለቤቱና ልጆቹ ካሣ ጠየቁ፡፡ የተከሳሽ ወገን የተነተነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ብስክሌቱ የኋላ መብራት ወይም አንጸባራቂ ነበረው ወይ? አልነበረውም፡፡ ካሣው ተቀነሰ፡፡ ውሳኔውን ከሕጉ አንጻር ልነቅፈው አልችልም፤ ነገር ግን እነዚያ ልጆች የተማሪ ቤት ወጪያቸውን ከፊሉን ያጡት በአንዲት ቀይ ቁራጭ ምክንያት መሆኑን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፡፡ መብራት ሕይወትን ያድናል፤ ሳያድን ቢቀር እንኳ ለቀሪ ቤተሰብ ማስረጃ ነው፡፡

በተቃራኒው ደግሞ ብስክሌተኛው እግረኛ ቢገጭ በራሱ ጥፋት ላደረሰው ጉዳት በቁጥር 2028 መሠረት ይክሳል፡፡ በገበያ ቀን በሰኞ ገበያ ሕዝብ መሐል ያለ ደወልና በላላ ፍሬን የሚወርድ ሰው ጥፋት የለብኝም ማለቱ አያዋጣውም፡፡ ለባለሞተሮች በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ለእሱ የለምና የሚከፍለው ከኪሱ ነው፡፡

ስለ ስርቆትም አንድ ቃል፡፡ የሕጉ ቁጥር 1193 የሚንቀሳቀስ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገምታል፡፡ ስለዚህ የተሰረቀ ብስክሌትዎን በሌላ ሰው እጅ ቢያገኙት የእርስዎ መሆኑን ማስረዳት ያለብዎ እርስዎ ነዎት፡፡ ከፔዳሎቹ መሐል በቴላዮው ሥር የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ዛሬውኑ ገልብጠው ፎቶ ያንሱት፣ ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡት፡፡ ደረሰኝ ለሌለው ሰው የሠፈር ምስክር ከመፈለግ በቀር ብዙ መንገድ የለውም፡፡ ሲቆልፉም ሰንሰለቱ ቴላዮውንና የኋላውን ጎማ አንድ ላይ ይዞ ከማይነቀል ብረት ጋር ይታሰር፡፡

ገንዘብ ሲያንስ

ሁሉን በአንድ ጊዜ መግዛት ለደመወዝተኛ ከባድ ነው፡፡ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ሄልሜት፣ ከዚያ የኋላ መብራትና አንጸባራቂ፣ ከዚያ ደወል፣ ከዚያ ፖርቶ መጋላ፣ ከዚያ ፓራፋንጎ፣ በመጨረሻ ከረጢቶቹ፡፡ ካላማዳሪያውና ጄሪካኑ ወጪ ስለሌላቸው ከዛሬ ይጀመራሉ፡፡

የከተማ አስተዳደሮቻችንም የሚቀርባቸው አይደለም፡፡ የኮሪደር መንገድ ሲሠራ በገበያውና በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት ቢተከል፣ የብስክሌት መስመር ላይ ባጃጅና ጋሪ እንዳይቆም ቢደረግ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ጠባብ ኩርባዎች ላይ ብስክሌት መኖሩን የሚያስታውቅ ምልክት ቢቆም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፡፡ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው፡፡ እስከዚያው ድረስ ግን ቁልፉ በየእጃችን ነው፤ ነገ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት የፍሬኑን ላስቲክ ይዩ፣ ቡሎኑን ያጥብቁ፡፡